አማት፣ ባል፣ ሙሽራ

መኪና በሚወለወልበት በዚያ ጋራዥ ውስጥ ፖሊሽን ፖሊሽ ብሎ የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ጭረት የሚያነሳው ፖሊሽ አማት ነው፤ ቀለም የሚጠብቀው ሲላንት ባል፤ የሚያሳምረው ሰም ሙሽራ። አዲስ የተቀጠረ ሰው በመጀመሪያው ቀን «አማትን አቀብለኝ» ሲባል ወደ በሩ ዞሮ አሮጊት ሲፈልግ ይታያል፤ ነባሮቹም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁበታል። ስሞቹን ያወጣው የሥራው ኃላፊ ነው። ለእሱም ስም አልጠፋለትም፤ ከእጁ የወጣ መኪና ፊት ቆሞ ጢም መላጨት ይቻላል ስለሚባል «መስታወቱ» ይሉታል።

ቀልድ ቢሆንም ሥራ ያስተምር ነበር። በሦስቱም ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ነገር ነጭና ወፍራም ነው፤ ሦስቱም ሲቀቡ ያበራሉ። ስለዚህ ያልለመደ ሰው እጁ የገባለትን አንስቶ ይቀባና፣ ሲያበራለት ጊዜ ጨረስኩ ይላል። ጥፋቱ የሚታወቀው ቆይቶ፣ ዝናብ ሲመታው ነው። መስታወቱ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንድ የታጠበ መኪና ፊት ያቆመውና እንዲህ ይለዋል፦

«አማት ትቀድማለች። ትፈትጋለች፣ ትፍቃለች፣ ጭረቱን ሁሉ ታነሳለች፤ ይህን ሌላ ማንም አይሠራልህም። ስትጨርስ ግን ቅባቷን በአልኮል ሙልጭ አድርገህ ታስወጣታለህ። ከዚያ ባል ይገባል። ባል ቀለሙን ይዞ ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቅ ነው፤ ራቁቱን የቀረ ቀለም ካላገኘ አይይዝም። ቀብተህ ተወው፤ እስኪይዝ ድረስ አትነካካው። በመጨረሻ ሙሽራ። ሙሽራ ብዙ ሥራ የላትም፤ ለማማር ናት።» ከዚያም ጣቱን ቀስሮ፣ «አማት ካልወጣች ባል አይይዝም፤ ባል ካልያዘ የሙሽራ ውበት የአንድ ዝናብ ነው!» ይላል። ይህን የሰማ ሰው፣ ከአንድ ሰው በስተቀር፣ ቅደም ተከተሉን ስቶ አያውቅም።

የስሙ ምንጭ ደግሞ በጋራዡ የአደባባይ ምስጢር ነበር። የመስታወቱ አማት ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ልጃቸውን ሊያግዙ መጡ። «ሕፃኑ አንገቱን እስኪያቆም ነው» አሉ፤ ከዚያ «ጥርስ እስኪያወጣ ነው» አሉ፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ ቀሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ የሚመለሱበት ቤትም አልነበራቸውም። ክፉ ሴት አይደሉም። ዝም ብለው መፈተግ ይወዳሉ እንጂ። መስታወቱ ያጠበውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩና፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ደግመው ያጥቡታል። የወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና ይወለውላሉ። አገር በጥራቱ የሚያደንቀው ሰውዬ በገዛ ቤቱ አንዲት ማንኪያ አጥቦ ማለፍ አቃተው።

ፊት ለፊታቸው ግን አንድም ቀን ክፉ አልተናገረም። «እማማ» እና «እርስዎ» ከማለት በቀር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የቤቱን ንዴት አጣጥፎ ወደ ጋራዥ ይዞት ይሄዳል። አንድ ቀን የፖሊሹን ጠርሙስ አንስቶ፣ «ይቺ ቁርጥ አማቴን! መፈተግ ከጀመረች ማረፍ የላትም» አለ። ተሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ባልና ሙሽራ የመጡት ከእሷ በኋላ ነው፣ ቤተሰብ እንዲሆኑ ተብሎ።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ተራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። መስታወቱ ቤቱ ለጋራዡ ቅርብ ስለሆነ ምሳውን እቤት ይበላል። ሚስቱ መሥሪያ ቤቷ ነበረች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። አማቱ በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጡ ነበር። የበላበትን ሳህን ማጠብ እንደጀመረ ስልኩ ጮኸ። እጁ በሳሙና ስለተሞላ መደርደሪያው ላይ እንዳለ በትንሽ ጣቱ ጫፍ ነክቶ ስፒከሩን ከፈተው።

የደወለው ቀስ በቀስ ነበር። ቀስ በቀስ የጋራዡ ነባር ሠራተኛ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ስለሚያበዛ ነው እንዲህ የተባለው፤ የእሱ እንቁላል ግን እስከ ዛሬ እግር አላወጣም።

«አለቃ፣ ጉድ ሆኜልሃለሁ» አለ። «ጥቁሩ መኪና ላይ ባል አልይዝ አለኝ። ስቀባው ይንሸራተታል፣ ስጠርገው ዥንጉርጉር ይሆናል።»

«ከእሱ በፊት ምን አስገባህ?»

«ሙሽራን» አለ ቀስ በቀስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሙሽራ ከባል ቀድማ ገባች? ወይ ጉዴ! አማትስ?»

«አማትማ አለች። ማለቴ፣ ብዙም አልጠረግኳትም። ሲያብረቀርቅ ጊዜ፣ ከነእሷ ይሁን ብዬ...»

«ከነእሷ!» መስታወቱ ሳህኑን ለቀቀው። «አማት መሃል ተቀምጣ ባልና ሚስት ሲያያዙ የት አየህ? ስማኝ፣ ሁሉንም አውጣና ከአማት ጀምር። ትግባ፣ ትፈትግ፣ ሥራዋን ትሥራ። ጥቅሟ እስክትፈትግ ነው። ስትጨርስ ግን አትለማመጣት፤ ሙልጭ አድርገህ አስወጣት። ጥጋ ጥጉን እይ፣ እዚያ መደበቅ ትወዳለች። ትንሽ እንኳ ከቀረች ትዳሩ ፈረሰ በለው።»

ቀስ በቀስ መሳቅ ጀመረ። ሳቁም እንደ ሥራው ነው፤ ዘግይቶ ይመጣና መሄጃውን አያውቅም። «ያንተዋስ ታዲያ?» አለ። «አሁንም ሥራዋን አልጨረሰችም? መች ነው የምትወጣው?»

እዚህ ላይ «ተወኝ እባክህ፣ ወደ ሥራህ» ቢለው ኖሮ ሁሉም በሰላም ያልፍ ነበር። ግን ሳቅ የለመደ ሰው የተዘረጋለትን ሳቅ ትቶ መሄድ አይሆንለትም።

«የኔዋማ ደርቃ ተጣብቃ ቀርታለች!» አለ መስታወቱ። «እሷን የሚያነሳ አልኮል ገና አልተሠራም!»

ተሳሳቁ። ስልኩ ተዘጋ። መስታወቱ ሳህኑን አለቅልቆ፣ እጁን አድርቆ፣ ዞር ሲል ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀምጧል። እንዳይቀዘቅዝ ትንሽ ሳህን ተከድኖበታል። ማጠብ ሲጀምር እዚያ አልነበረም።

በረንዳው ባዶ ነበር። መዘፍዘፊያው ውስጥ ገና ያልተሰጣ ልብስ ተቆልሏል። የአማቱ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ኮሽታ የለም። ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለመስታወቱም ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ሻዩን ሲያስቀምጡ የትኛው ጋ ደርሶ ነበር? «ትፈትግ» ሲል? «አስወጣት» ሲል? ወይስ መጨረሻውን? መጨረሻውን ብቻ ባይሰሙ ሌላው ይብራራል፤ ስለ ጠርሙስ ነው፣ እውነትም ስለ ጠርሙስ ነው። መጨረሻው ግን ስለ ጠርሙስ አልነበረም።

በሩን ማንኳኳት ነበረበት። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ሻዩን ትቶት ቢሄድ «ሰምተውኛል» ብሎ ማመኑ ነው፤ ጠጥቶት ቢሄድ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሆናል። ስለዚህ እንደቆመ ጠጣው። ምላሱን አቃጠለው። ስኳሩ ልክ እሱ እንደሚወደው ነበር። «እማማ፣ አመሰግናለሁ! ሄድኩ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁልጊዜ የሚመጣው «እሺ ልጄ፣ በሰላም ግባ» አልመጣም። አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ከገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፈውን ለጠላትም አይመኙለትም።

«አማት የት ገባች?» ይላል አንዱ።

«እዚያ ጥግ ወድቃለች፣ በእግርህ ገፋ አድርጋት።»

«አልቃለች እኮ ይቺ! እስቲ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋት።»

«ጣላትና አዲስ አማት አምጣ፤ አማት ምን ጠፍቶ!»

ይህን ሁሉ በየቀኑ ሲሰማው ኖሯል፤ ብዙውንም ያስተማራቸው እሱ ነው። ያን ቀን ግን እያንዳንዷ ቃል ጆሮው ላይ እንደ ጥፊ አረፈች። ቀስ በቀስ «የኔዋማ ደርቃለች»ን ለሁሉም አዳርሶት ስለነበር፣ መስታወቱ ባለፈ ቁጥር አንዱ «አለቃ፣ አልኮል ተገኘ ወይ?» ይለዋል። እሱም ፈገግ ይላል። ምን ያድርግ? ቀልዱ የራሱ ነው።

ዥንጉርጉሩን መኪና ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ ያዘው። ያለ ቦታዋ የገባችውን ሙሽራ አወጣ፤ ያልያዘውን ባል አወጣ፤ እንደገና ፖሊሹን ቀብቶ የመፈተጊያ ማሽኑን አስነሳና ከኮፈኑ ጀመረ። ጭረቱ እየጠፋ፣ ጥቁሩ እየጠለቀ መጣ። ከዚያ አልኮል በነካ ጨርቅ መጥረግ ነበረበት። ጥጋ ጥጉን፣ በበሮቹ እጀታ ሥር፣ በመብራቶቹ ዙሪያ፣ እዚያ መደበቅ ትወዳለች እንዳለው። ቀና ብሎ ሰው ማየት አቃተውና ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ሠራተኞቹ ሥራው የከበደው መሰላቸው።

ሲላንቱን ቀብቶ እስኪይዝ ሊተወው ሲል ሚስቱ ደወለች።

«እማዬ የለችም» አለች። «ልጆቹን ከጎረቤት ነው ያገኘኋቸው። ሻንጣዋን ይዛ ወንድሜ ጋ ሄዳለች። ስደውልላት ‹ልጄ፣ እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ› አለችኝ። የምን ሥራ ነው የጨረሰችው? ምን ተባብላችሁ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «መጥቼ እነግርሻለሁ» አለ።

እቤት ሲደርስ መዘፍዘፊያው ባዶ ነበር፤ አማቱ ከመሄዳቸው በፊት ልብሱን አስጥተው ጨርሰዋል። የጠጣበትንም ብርጭቆ አጥበው ደፍተውታል። ትንሹ ልጅ «አያቴ የታለች?» እያለ ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ ትልቋ ደግሞ ኩርፍ ብላ ተቀምጣለች። ሚስቱ እጇን አጣምራ ጠበቀችው።

መስታወቱ ስለ ጠርሙሶቹ ነገራት። ስለ አማት፣ ስለ ባል፣ ስለ ሙሽራ፣ ስለ ቀስ በቀስና ስለ ዥንጉርጉሩ መኪና። ሚስቱ መጀመሪያ አፍጥጣ አየችው። ቀጥሎ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳቁ አመለጣት። «እና እማዬ ስለ ራሷ መሰላት!» አለች ሶፋው ላይ እየወደቀች። «‹ሙልጭ አድርገህ አስወጣት› ስትል ሰምታ! ‹ጥጋ ጥጉን እይ› ስትል! ኧረ እኔ ልሙት!» ሳቋ እፎይታም ነበረበት፤ በባሏና በእናቷ መካከል አንድ ከባድ ነገር መጥቷል ብላ ስትፈራ ውላለችና።

«ያንተዋስ?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ ያለውን ግን መስታወቱ ዘለለው። ልናገር ብሎ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሳቋን ሲያይ መልሶ ከደነው። እንዲያውም አብሯት ሳቀ። የቀኑ ሳቅ ጅልነት ነው ሊባል ይችላል፤ ይህኛው ግን እያወቀ የሳቀው ነው።

«ነገ ጠርሙሶቹን ይዘህ እንሄዳለን» አለች ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች። «በዓይኗ ካላየች አታምንም። እሷ ነገር በዓይኗ ነው የሚገባት።»

በማግሥቱ የዕረፍት ቀን ነበር። የሚስቱ ወንድም ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት አለው፤ የፊተኛዋ የሥራ ቦታው ናት። የስፌት ማሽን፣ የጨርቅ ቁልል፣ ያለ ጭንቅላት የቆመ የልብስ ማሳያ፣ መሃል ላይ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ። አማቱ ትናንት ያደሩት በጨርቁ ቁልልና በግድግዳው መካከል በተዘረጋች ፍራሽ ላይ ነው። ሻንጣቸው እንደተዘጋ ቁጭ ብሏል፤ ቢፈልጉስ የት ይከፍቱታል? ሲገቡ ልጃቸው አጣሞ የሰፋውን ሱሪ ይዘው ስፌቱን ይተረትሩ ነበር።

«እንዴት አደራችሁ ልጆቼ» አሉ። እንደ ወትሮው። አንድ የንዴት ቃል ቢናገሩ ለመስታወቱ ይቀለው ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ» ብሎ ዓይኑን ሱሪው ላይ ተከለ።

«እማዬ፣ ዛሬ ሆድሽን እስኪያምሽ ትስቂያለሽ!» አለች ሚስቱ። «በል አሳያት!»

መስታወቱ ሦስቱን ጠርሙሶች ከላስቲኩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። መጀመሪያ ጠርሙሶቹን መልሶ መላልሶ አሰለፈ። ግን ስንት አዲስ ሠራተኛ ያስተማረበት ነገር ነው፤ አንዴ «አማት ትቀድማለች» ካለ በኋላ ምላሱ ብቻውን ሄደ። በጨርቅ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ እያስመሰለ ፈተገ፣ ጠረገ፣ ባልን አስገባ፣ ሙሽራን አስከተለ። ሳይታወቀው ጣቱን ቀስሮ «አማት ካልወጣች ባል አይይዝም!» የሚልበት ቦታ ደረሰ። ሚስቱ በሳቅ ተንከተከተች። ልብስ ሰፊው የስፌት ማሽኑን ተደግፎ ትከሻው ተርገፈገፈ። አማቱም በከንፈራቸው ፈገግ አሉ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ቅደም ተከተሉ ገባኝ። አማት ያላችኋት ግን ለምንድን ነው?» የጠየቁት በክፋት አይደለም፤ ነገር ከሥሩ ካልገባቸው የማያርፉ ሴት ናቸው።

«ያለ እሷ ምንም ስለማይሆን ነው፣ እማማ» አለ መስታወቱ። «መሠረቷ እሷ ናት። እሷ ካልቀደመች ባልም አይይዝ፣ ሙሽራም አታምር። ለክብር ነው ያልናት።»

ከየት እንዳመጣው ራሱም አያውቅም። ይህን ሐሳብ በሕይወቱ አስቦት አያውቅም፤ ሲወጣ ግን እንደ ተጠና ንግግር አምሮ ወጣ። «እንዲህ ከሆነማ ምርቃት ነው እኮ!» አለ ልብስ ሰፊው። የመስታወቱ ጆሮ ጋለ። ዋሽቶ ያፈረ ሰው ብዙ ነው፤ ውሸቱ አምሮለት የሚመሰገን ሰው ሐፍረት ግን ከሁሉ ይከፋል።

አማቱ አንዲት ክር መዘዙና ጣታቸው ላይ ጠቀለሏት፣ ኋላም ጣሏት። «የደረቀችውስ?» አሉ። «‹የኔዋማ ደርቃ ተጣብቃለች› ስትል የሰማሁ መሰለኝ። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ተሳስቼም ይሆናል።»

ሚስቱ ሳቋን ገታ አድርጋ ወደ እሱ ዞረች። ይህን አልነገራትም ነበር።

«እሷማ» አለ መስታወቱ የጠርሙሱን ክዳን እያጠበቀ። «እሷማ እኔ ጋ ያለች ጠርሙስ ናት፣ እማማ። ሳልከድናት ቀርቼ ነው የደረቀችው። ደግሞስ ስለ እርስዎ ቢሆን ኖሮ ‹እሷ› እላለሁ? ‹እሳቸው› አልልም ነበር? እስቲ አንድ ቀን እርስዎን ‹አንቺ› ብዬ አውቃለሁ?»

መልሱ አፍ የሚያሲዝ ነበር። ሚስቱ ተንፈስ አለች። «እውነቱን እኮ ነው፣ እማዬ» አለች። «አንድ ቤት ስንኖር ‹እሳቸው በልተዋል?› ‹እሳቸው ተኝተዋል?› ነው የሚለው። ልጅሽ እኔ እንኳ ‹አንቺ› ነው የምልሽ።» ልብስ ሰፊውም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለና፣ ቦታው ስለጠበበውም ይሆናል፣ ሻንጣውን ብድግ አድርጎ በሩ አጠገብ አስቀመጠው። ነገሩ አለቀ። ሁሉም ተነሳ።

አማቱም ተነሱ። የክር ትርፍራፊውን ከቀሚሳቸው ላይ አራገፉ፣ ሱሪውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሚስቱ ክንዳቸውን ያዘች። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ ልጄ» አሉ። «እቤት ‹እሳቸው› እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጋራዥ ውስጥስ? ከሰዎቹ ጋር ስታነሳኝ ‹እሳቸው› ነኝ ወይስ ‹እሷ›?»

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «እሳቸው» ማለት። እዚያ ቤት ውስጥ ሄዶ የሚያጣራ ሰው የለም፤ ሻንጣው በር ላይ ነው፤ ልጆቹ እቤት ይጠብቃሉ፤ ሚስቱ የእናቷን ክንድ ይዛ ፈገግ ብላ መልሱን ትጠብቃለች። መስታወቱ አፉን ከፈተ። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። የአማቱን ዓይን አየ። ቁጣ የለበትም፤ ልመናም የለበትም፤ የሚሰማውን ለመስማት ብቻ የተከፈተ ዓይን ነበር።

«እሷ» አለ።

የሚስቱ ፈገግታ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ፊቷ ላይ ቀረ።

«‹እሷ› ነው የምልዎት» አለ መስታወቱ። አንዴ ከተከፈተ በኋላ መዝጊያው ጠፋበት። «ደረቀች ያልኩት ጠርሙስ አይደለም። እርስዎን ነው። አማት ያልናትም ለክብር አይደለም፤ ያን አሁን እዚሁ ፈጥሬ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ ‹መፈተግ ከጀመረች አታርፍም› አልኩ፤ ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይሳቃል።»

አማቱ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«አዎ» አሉ። «ሁሉንም ሰምቼ ነው የወጣሁት። ስለ ጠርሙስ እንደሆነም ቆሜ ስሰማ ገብቶኝ ነበር። መጨረሻዋ ናት ያልገባችኝ፤ ወይም ገብታኝ እምቢ ያልኳት።» ቀና ብለው አዩት። «‹እሳቸው› ብትለኝ ኖሮ፣ ለልጄ ብዬ አምኜ እመጣ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ ወዲያው፣ ያለ ምንም ማስከበድ። «ይቅርታውና መምጣቱ ግን ለየቅል ነው፣ ልጄ። ለልጆቹ አያታችሁ ልብስ እየሰፋች ነው በሏቸው።» ሱሪውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ያቆሙበትን ስፌት ፈለጉ። ልብስ ሰፊው ማንንም ሳያይ ሻንጣውን ከበሩ አንስቶ ወደ ነበረበት መለሰው።

መስታወቱ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ላስቲኩ ከተተ። ጠርሙሶቹ ተጋጭተው ድምፅ አሰሙ። ደህና ይዋሉ ሊል ፈለገ፤ «እርስዎ» የሚለው አነጋገር ራሱ አፉ ውስጥ እንደ ውሸት ከበደውና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሚስቱ ዘግየት ብላ ወጣች። እናቷን ስማ፣ የሆነ ነገር በጆሯቸው ብላ ነው የመጣችው። መስታወቱ የመኪናውን የፊት በር ከፍቶላት ቆሞ ነበር። አላየችውም። የኋላውን በር ከፍታ ገባችና፣ ከእሱ ጋር በተጓዙ ቁጥር እናቷ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። እሱ የፊቱን በር በቀስታ ዘጋና ዞሮ መሪው ጋ ገባ።

ቁልፉን ሳያዞር ጥቂት ቆየ። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ ለቁጣዋ የሚሆን መልስም አሰናድቶ ነበር።

«ስቄያለሁ እኮ» አለች ከኋላ።

«ምን አልሽ?»

«ፊቷ ቆሜ ስቄያለሁ። ያን ጣትህን ቀስረህ ‹አማት ካልወጣች› ስትል። እሷ ሁሉን እያወቀች ተቀምጣ ታየኝ ነበር፤ እኔ ልጇ ግን ከሳቅ ብዛት እንባዬ ይወርድ ነበር። አሳያት ያልኩህም እኔው ነኝ።»

መኪናውን አስነሳ። የኋላው በር በደንብ መዘጋቱን ሊጠይቃት ፈለገና፣ እሱንም መጠየቅ አቃተው።